የየትኛው ክለብ የውድድር ታሪክ ይቅደም? ኦገስታ ናሽናል፣ ሴንት አንድሩስ እና ኦክሞንት ሲነጻጸሩ

የጎልፍን ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በተጫዋቾች ስም ይጀምራል፤ ቦቢ ጆንስ፣ ቤን ሆጋን፣ ጃክ ኒክላውስ፣ ታይገር ዉድስ። እኔ በቦታ መጀመር ይሻላል ከሚሉት ወገን ነኝ። የእግር ኳስ ሜዳ የትም ቢኬድ ያው ነው። የጎልፍ ሜዳ ግን እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው፤ ነፋሱ፣ ተዳፋቱ፣ የሣሩ ፍጥነት፣ የአሸዋ ወጥመዱ አቀማመጥ ራሱ ተጋጣሚ ነው። ሆጋንን ከዉድስ ጋር በአካል ማጋጠም አይቻልም፤ ሁለቱም የተፈተኑበትን መሬት ማየት ግን ይቻላል።

ታዲያ ከየትኛው ክለብ ይጀመር? ብዙ ጊዜ የሚነሱት ሦስት ናቸው፤ በአሜሪካ ጆርጂያ ያለው ኦገስታ ናሽናል፣ በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ፣ በፔንሲልቬንያ ፒትስበርግ አጠገብ ያለው ኦክሞንት። ፕረስትዊክን፣ ሙርፊልድንና ሌሎችን ወደ መጨረሻው አነሣለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፓር የሚባለው ደግሞ አንድ ጎበዝ ተጫዋች ሜዳውን ይጨርስበታል ተብሎ የሚጠበቀው የምት ብዛት ነው፤ በጎልፍ ያነሰ ምት የመታ ያሸንፋል። ታላላቆቹ ውድድሮች አራት ናቸው፤ ማስተርስ፣ ዩኤስ ኦፕን፣ ኦፕን ሻምፒዮና እና ፒጂኤ ሻምፒዮና። በአራት ቀን፣ በቀን 18 ጉድጓድ፣ በድምሩ 72 ጉድጓድ ይካሄዳሉ። ከዚህ በታች 279 ወይም 268 የሚል ቁጥር ስታዩ የአራቱ ቀን ድምር ነው።

መጀመሪያ አንድ ወጥመድ ላስወግድ። ክለቦችን ባስተናገዱት ውድድር ብዛት ማወዳደር ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ያሳስታል። ኦገስታ ማስተርስን ከ1934 ጀምሮ፣ ጦርነቱ ካቋረጠው ከ1943 እስከ 1945 በስተቀር፣ በየዓመቱ አስተናግዷል። በቁጥር ማንም አይደርስበትም። ነገር ግን ማስተርስ የክለቡ የራሱ ውድድር ነው፤ ማንም መርጦ የሰጠው አይደለም። ሴንት አንድሩስ 30 ጊዜ ኦፕን ሻምፒዮናን፣ ኦክሞንት 10 ጊዜ ዩኤስ ኦፕንን ያስተናገዱት ከብዙ ሜዳዎች መካከል ተመርጠው ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሚዛን ላይ አይወጡም። ስለዚህ በሌላ መንገድ ላወዳድራቸው፤ ሜዳው ዘመን ሲለወጥ ራሱን በምን ጠበቀ፣ ማን እንዲጫወት ተፈቀደለት፣ የአሸናፊዎቹ ድምርስ በዘመናት መካከል ምን ሆነ?

ኦገስታ ናሽናል፤ በየዓመቱ የሚመለስ ትዝታ

ቦቢ ጆንስ በ1930 የዘመኑን አራት ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸንፎ፣ ገና በ28 ዓመቱ ከፉክክር ራሱን አገለለ። ከዚያ ከክሊፎርድ ሮበርትስ ጋር ሆኖ ቀድሞ የችግኝ ጣቢያ የነበረ መሬት ላይ ክለብ አቋቋመ። 18ቱም ጉድጓዶች ዛሬ ድረስ በዛፍና በአበባ ስም ይጠራሉ። ንድፉን ከጆንስ ጋር ያወጣው አሊስተር ማኬንዚ በጥር 1934 ሞተ፤ የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው ከእርሱ ሞት ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሆርተን ስሚዝ በ284 ምት አሸነፈ።

ማስተርስን ማስተርስ ያደረገው ግን ሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል። በ1935 ክሬግ ዉድ ጨዋታውን ጨርሶ በ3 ምት እየመራ ነበር። ጂን ሳራዘን 15ኛው ጉድጓድ ላይ ከ215 ሜትር ገደማ የመታት ኳስ በሁለተኛው ምት ገባች፤ በ5 ምት የሚጠበቀውን ጉድጓድ በ2 ጨረሰው። የሦስት ምት ልዩነት በአንድ ዱላ ጠፋ። በማግስቱ በ36 ጉድጓድ የመለያ ጨዋታ ሳራዘን አሸነፈ።

የኦገስታ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ያ 15ኛ ጉድጓድ በየሚያዝያው ይመለሳል። ሌሎቹ ሜዳዎች አምስት ወይም አሥር ዓመት ያስጠብቃሉ። እዚህ ግን ተመልካቹ ጉድጓዶቹን እንደ ሰፈሩ መንገድ ያውቃቸዋል፣ ተጫዋቹም የራሱን ያለፈ ስህተት ቦታ ላይ ተመልሶ ይቆማል። ሮሪ ማኪልሮይ በ2011 የመጨረሻውን ቀን በ4 ምት እየመራ ጀምሮ 80 መታ። ለ14 ዓመት እዚያው ሜዳ ላይ እየተመላለሰ ሳይሳካለት ቆይቶ፣ በ2025 ጀስቲን ሮዝን በመለያ ጨዋታ አሸንፎ አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች ያሟላ ሆነ። ውድድሩ በየዓመቱ ቦታ ቢቀይር ኖሮ ይህ ታሪክ ይህን ያህል አይከብድም ነበር። ጃክ ኒክላውስ በ1986፣ በ46 ዓመቱ፣ የመጨረሻዎቹን 9 ጉድጓዶች በ30 ምት ጨርሶ ስድስተኛውን ድል ሲያገኝም ሕዝቡ የጮኸው የ23 ዓመት ትውውቅ ስለነበረው ነው፤ የመጀመሪያ ድሉ በ1963 ነበር።

ኀዘኑም እንዲሁ ይቆያል። በ1968 አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንዞ 45ኛ ዓመት የልደት ቀኑ ላይ 65 መትቶ ወደ መለያ ጨዋታ ለመግባት በቅቶ ነበር። የውጤት ካርዱን የያዘለት ተጫዋች 17ኛው ጉድጓድ ላይ በ3 ፈንታ 4 ጻፈ፤ ዴ ቪሴንዞም ሳያስተውል ፈረመ። ደንቡ የተፈረመውን ከፍ ያለ ቁጥር ያጸድቃል፤ ቦብ ጎልቢ ያለ መለያ ጨዋታ አሸናፊ ሆነ። በ1996 ደግሞ ግሬግ ኖርማን በ6 ምት እየመራ በገባበት ቀን 78 መታ፣ ኒክ ፋልዶ 67 መትቶ በ5 ምት አሸነፈው።

ማን ተፈቀደለት ወደሚለው ጥያቄ ስንመጣ ግን የኦገስታ ታሪክ ያማል፤ ይህን ሳይናገሩ ስለ አበባው ብቻ መጻፍ ተገቢ አይመስለኝም። ማስተርስ በግብዣ የሚገባበት ውድድር ነው። ቻርሊ ሲፎርድ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በ1967 እና በ1969 የባለሙያዎች ውድድር አሸንፏል፤ ማስተርስ ግን አንድም ጊዜ አልተጋበዘም። የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሊ ኤልደር የተሰለፈው በ1975 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ተጫዋቾች የክለቡን ዱላ ተሸካሚዎች እንዲጠቀሙ ይገደዱ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ ደግሞ ጥቁሮች ነበሩ። የሜዳውን ተዳፋት ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች መጫወት የማይፈቀድላቸው ሆነው ኖሩ። ተጫዋቾች የራሳቸውን ተሸካሚ እንዲያመጡ የተፈቀደው ከ1983 ጀምሮ ነው። ክለቡ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል በ1990፣ የመጀመሪያዎቹን ሴት አባላት፣ ኮንዶሊዛ ራይስንና ዳርላ ሙርን፣ በ2012 ተቀበለ። የ1997ቱ የታይገር ዉድስ ድል፣ በ21 ዓመቱ በ12 ምት ልዩነት፣ ከዚህ ታሪክ ተነጥሎ ሊነበብ አይችልም።

ድምሩን እንየው። ኒክላውስ በ1965 በ271 አሸነፈ፤ ክብረ ወሰኑ 32 ዓመት ቆይቶ ዉድስ በ1997 በ270 ሰበረው። ዛሬ ያለው ክብረ ወሰን ደስቲን ጆንሰን በኅዳር 2020 የመታው 268 ነው። ከ55 ዓመት በኋላ ሦስት ምት ብቻ! ዱላውና ኳሱ ይህን ያህል ተለውጦ ቁጥሩ ያልወረደው ሜዳው አብሮ ስለተለወጠ ነው። በ2002 ብቻ ሜዳው በ260 ሜትር ገደማ ረዘመ፤ 13ኛውን ጉድጓድ ለማራዘም ክለቡ ከጎረቤት ክለብ መሬት እስከ መግዛት ደርሷል፤ አዲሱ መነሻ በ2023 ሥራ ላይ ዋለ። ኦገስታ ቁጥሩን የጠበቀው በገንዘብና በመሬት ነው። ስለዚህ የጉድጓዱ ስም አንድ ቢሆንም የ1965ቱና የ2020ው ተጫዋች አንድ ጉድጓድ ተጫወቱ ማለት ይከብደኛል።

ሴንት አንድሩስ፤ የሁሉም የሆነ መሬት

ስለ ሴንት አንድሩስ አንድ ነገር በመጀመሪያ ይጥራ፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ሮያል ኤንድ ኤንሸንት የሚባለው ዝነኛ ክለብ ሜዳው አጠገብ ቤት አለው እንጂ ሜዳው የእርሱ አይደለም። መሬቱ የከተማው ነው፤ የሚያስተዳድረው በ1974 በሕግ የተቋቋመ አካል ነው። ማንም ተጫዋች ዕጣ ገብቶ መጫወት ይችላል። እሑድ ሜዳው ይዘጋል፤ ሰዎች በእግራቸው ይንሸራሸሩበታል። የክለቡ ምሥረታ 1754 ሲሆን ንጉሣዊ መጠሪያውን ያገኘው በ1834 ከንጉሥ ዊልያም አራተኛ ነው። አንድ ዙር 18 ጉድጓድ እንዲሆን መነሻ የሆነውም ይኸው ሜዳ ነው፤ በ1764 ከ22 ወደ 18 ዝቅ ተደረገና ዓለም ተከተለው።

ኦፕን ሻምፒዮና እዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው በ1873 ነው፤ ያኔ ውድድሩ 36 ጉድጓድ ነበር፣ ቶም ኪድ በ179 አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። የሴንት አንድሩስ ታሪክ በሰዎች ቢነገር ይሻላል፤ የመጀመሪያው ምስክር ራሱ ቦቢ ጆንስ ነው። በ1921፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ሜዳው ቢያስመርረው 11ኛው ጉድጓድ ጋ ኳሱን አንስቶ ከውድድሩ ወጣ። በ1927 ተመልሶ በ285 ምት፣ በ6 ምት ልዩነት ኦፕንን አሸነፈ፤ ዋንጫውም እዚያው እንዲቆይ ጠየቀ። በ1930 የእንግሊዝ አማተር ሻምፒዮናን ያሸነፈውም እዚሁ ነው። በ1958 ከተማው የክብር ነዋሪነት ሰጠው፤ ከእርሱ በፊት ይህን ያገኘ አሜሪካዊ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ብቻ ነበር፣ በ1759።

ሜዳው የሚፈትነው በስውር ነው። 112 ባንከር አለው፤ ባንከር የሚባሉት የአሸዋ ወጥመዶች ናቸው፣ አብዛኞቹም ከመነሻው አይታዩም። 7 ግሪኖች፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለባቸው ሣራቸው አጥሮ የተቆረጠ ቦታዎች፣ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለሁለት ጉድጓድ ያገለግላሉ። ከሁሉ የሚፈራው 17ኛው ነው፤ ከግሪኑ በአንድ በኩል ጥልቅ ባንከር፣ በሌላው በኩል መንገድና የድንጋይ ግንብ አለ። በ1978 ጃፓናዊው ቶሚ ናካጂማ ከመሪዎቹ ጋር ተቀራርቦ ሳለ ኳሱ ከግሪኑ ላይ ተንከባሎ ባንከሩ ውስጥ ገባ፤ ጉድጓዱን በ9 ጨረሰ። በ1984 ቶም ዋትሰን ሦስተኛ ተከታታይ ድል ፍለጋ ላይ ነበር፤ 17ኛው ላይ ኳሱ ግሪኑን አልፎ ከመንገዱ ማዶ ግንቡ አጠገብ ቀረ። በዚያው ቅጽበት ሴቬ ባሌስቴሮስ 18ኛው ላይ ኳሱን አስገብቶ እጁን ወደ ሰማይ እያነሣ ነበር። በ2000 ታይገር ዉድስ አራት ቀን ሙሉ ከ112ቱ ባንከሮች አንዱም ውስጥ ሳይገባ በ8 ምት አሸነፈ። በመጨረሻው ቀን አብሮት የተጫወተው ዴቪድ ዱቫል ደግሞ ከ17ኛው ባንከር ለመውጣት አራት ምት አጠፋ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የ1970ው ነው። ዳግ ሳንደርስ 18ኛው ግሪን ላይ ኦፕንን ለማሸነፍ ከአንድ ሜትር ያነሰች ምት ብቻ ቀርታው ነበር። ሳታት። በማግስቱ በመለያ ጨዋታ ኒክላውስ በአንድ ምት አሸነፈው።

ድምሩን ስናይ ሴንት አንድሩስ የማይደብቀው እውነት አለ። ኒክላውስ በ1970 በ283፣ በ1978 በ281 አሸነፈ። ባሌስቴሮስ በ1984 በ276፣ ፋልዶ በ1990 በ270፣ ዉድስ በ2000 በ269፣ ካሜሮን ስሚዝ በ2022 በ268። በመካከል ከፍ ያለባቸው ዓመታት ቢኖሩም ቁጥሩ በጠቅላላው ወርዷል። ነፋስ ከሌለ ሜዳው ለዘመኑ ተጫዋች ተጋላጭ ነው። መነሻዎቹ ወደ ኋላ ተገፍተዋል፤ ዙሪያው ግን ባሕርና ከተማ ስለሆነ የሚገፋበት ቦታ ውሱን ነው። አንዳንዶች ይህን እንደ ድክመት ያዩታል። እኔ እንደ ሐቀኛ መዝገብ አየዋለሁ፤ የዱላና የኳስ ቴክኖሎጂ ምን እንዳደረገ ማወቅ የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

ሴቶችን በሚመለከት፣ ክለቡ ሴት አባላትን ለመቀበል የወሰነው በ2014 ነው። የሴቶች ኦፕን ግን አሮጌው ሜዳ ላይ ቀድሞ በ2007 ተካሂዷል፤ ሎሬና ኦቾዋ አሸነፈች፣ በ2013 ስቴሲ ሉዊስ፣ በ2024 ሊዲያ ኮ።

ኦክሞንት፤ የማይለወጠው ጥያቄ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ በእኔ ሚዛን ግን የበለጠ የሚያስተምረው ይህ ነውና።

ኦክሞንትን በ1903 የመሠረተው ሄንሪ ፋውንስ በብረት ሥራ የከበረ ሰው ነበር። ሜዳውን ራሱ ነደፈው፤ ልጁ ዊልያም፣ በ1910 የአሜሪካ አማተር ሻምፒዮን የነበረው፣ ለአሥርት ዓመታት እያከበደው ሄደ። የቤተሰቡ እምነት ግልጽ ነበር፤ የተበላሸ ምት ዋጋ ሊያስከፍል ይገባል። ባንከሮቹ በልዩ ሰፊ ጥርስ መፈግፈጊያ ይታረሱ ነበር፣ ኳሷ ቦይ ውስጥ ገብታ እንድትቀበር። በ3ኛውና በ4ኛው ጉድጓድ መካከል ያለው ትልቅ ባንከር በውስጡ የሣር ረድፎች ስላሉት የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበሮች የሚል ስም ወጥቶለታል። ከሁሉ በላይ ግን ግሪኖቹ ናቸው። ፈጣንና ዘንበል ያሉ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ከተጫዋቹ ወደ ማዶ የሚያዘነብሉ።

ምን ያህል ፈጣን እንደሆኑ የሚናገር አንድ እውነት አለ። በ1935ቱ ዩኤስ ኦፕን ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የተባለ ተመልካች የጂን ሳራዘን ኳስ ከግሪኑ ላይ ተንሸራታ ባንከር ውስጥ ስትገባ አየ። ግሪኑ ከልክ በላይ መፍጠኑን በመለኪያ ማረጋገጥ አለብኝ ብሎ አንዲት ቀላል ዘንግ ሠራ፤ ኳስ ከዘንጓ ላይ ትለቀቅና የተንከባለለችበት ርቀት ይለካል። በ1970ዎቹ የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ተቀበላት፣ ዛሬ በዓለም ላይ የግሪን ፍጥነት የሚለካው በስቲምፕሜትር ነው። መለኪያው ራሱ ኦክሞንት ላይ ተወለደ።

አሁን የዩኤስ ኦፕን ድምሮችን በቅደም ተከተል ላንብብላችሁ። በ1927 ቶሚ አርሞርና ሃሪ ኩፐር በ301 እኩል ሆኑ፤ አርሞር በመለያ ጨዋታ አሸነፈ። በ1935 ሳም ፓርክስ በ299 አሸነፈ፤ ከ300 በታች የጨረሰ ሌላ ሰው አልነበረም። በ1953 ቤን ሆጋን 283። በ1962 ኒክላውስና አርኖልድ ፓልመር በ283 እኩል። በ1973 ጆኒ ሚለር 279። በ1983 ላሪ ኔልሰን 280። በ1994 ኤርኒ ኤልስ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር እኩል፣ 279። በ2007 አንሄል ካብሬራ 285። በ2016 ደስቲን ጆንሰን 276። በ2025 ጄ ጄ ስፓውን 279።

ከ1973 እስከ 2025 ያለው 52 ዓመት ነው። ዱላው ከእንጨት ወደ ቲታኒየም ተለወጠ፣ ኳሱ ተለወጠ፣ የተጫዋቾቹ ሰውነት ተለወጠ። የአሸናፊው ድምር ግን 279፣ 279፣ 279። ሴንት አንድሩስ ከ1970 እስከ 2022 ባለው ተመሳሳይ ዘመን 15 ምት ወርዷል። ኦክሞንትም ረዝሟል፣ ፓሩም ከ72 ወደ 71፣ ከዚያ ወደ 70 ወርዷል፤ በዚህ ምክንያት ነው ከፓር በታች ወይም በላይ የሚለውን ትቼ ድምሩን የመረጥኩት። ነገር ግን ሜዳውን የጠበቀው ርዝመቱ ብቻ አይመስለኝም። ሩቅ የሚመታ ሰው በግሪን ላይ ከሌላው የሚለይበት ነገር የለም። ግሪኑ ለሁሉም እኩል ይንሸራተታል።

ለዚህ ነው እያንዳንዱ የኦክሞንት ድል ከሌላው ጋር መነጋገር የሚችለው። የ1962ቱን ውሰዱ። ፓልመር እዚያው አካባቢ ተወልዶ ያደገ፣ ሕዝቡ ሁሉ የሚጮህለት ሰው ነበር። ኒክላውስ የ22 ዓመት ወጣት፣ በባለሙያነት አንድም ድል ያላገኘ። ፓልመር ግሪኖቹ ላይ ደጋግሞ ሦስት ምት ሲያጠፋ ወጣቱ ተረጋግቶ ዋለ፤ በመለያው ጨዋታ 71 ለ74 አሸነፈ። የመጀመሪያ የባለሙያነት ድሉ ይህ ሆነ። ፓልመር የመጨረሻውን ዩኤስ ኦፕን የተጫወተው በ1994 እዚሁ ኦክሞንት ላይ ነው፣ ሕዝቡም ያንኑ ፍቅር አልነፈገውም።

በ1973 ጆኒ ሚለር የመጨረሻውን ቀን የጀመረው ከመሪዎቹ በ6 ምት ርቆ ነበር። 63 መታ። በታላላቅ ውድድሮች ታሪክ 63 ሲመታ የመጀመሪያው ነው። ዝናብ ግሪኖቹን አለስልሷቸው ነበር የሚል ክርክር እስከ ዛሬ አለ፤ እውነትም ዘንቦ ነበር። ግን በዚያው ቀን በዚያው ለስላሳ ግሪን ላይ የተጫወቱት ሌሎቹ 63 አልመቱም። በቀጣዩ ዓመት ዩኤስ ኦፕን ሌላ ሜዳ ላይ ተካሂዶ አሸናፊው ከፓር 7 በላይ ጨረሰ።

በ2016 ደስቲን ጆንሰን 5ኛው ግሪን ላይ ኳሱ በጥቂቱ ተንቀሳቀሰች። 12ኛው መነሻ ላይ ሲደርስ ምናልባት አንድ ምት ቅጣት ይኖርብህ ይሆናል ተባለ። የራሱን ውጤት፣ ተፎካካሪዎቹም የእርሱን ውጤት በትክክል ሳያውቁ ቀሪውን ተጫወቱ። በመጨረሻ ቅጣቱ ተጨምሮበትም በ3 ምት አሸነፈ። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ግሪን ላይ በድንገት ኳስ ማንቀሳቀስ እንዳያስቀጣ ደንቡ ተሻሻለ። አንድ የውድድር ቀን የጨዋታውን ሕግ ለወጠ ማለት ነው።

ከዚያ 2025። ስፓውን የመጨረሻውን ቀን ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ 6 ጉድጓዶች በ5ቱ ከፓር አንድ ምት በላይ መታ። 2ኛው ላይ ጥሩ የመታት ኳስ የባንዲራውን ዘንግ መትታ ወደ ኋላ ተንከባለለች። ዝናብ ጨዋታውን አቋረጠ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ፤ 18ኛው ግሪን ላይ ሁለት ምት ይበቃው ነበር፣ ከ20 ሜትር ገደማ በአንድ ምት አስገባት። ከፓር በታች የጨረሰ ብቸኛው ተጫዋች እርሱ ነበር። ይህን ሳይ በ1983 ላሪ ኔልሰን 16ኛው ላይ ከ19 ሜትር ገደማ ያስገባት ምት ትዝ ትለኛለች፤ ሁለቱም ጊዜ ዝናብ፣ ሁለቱም ጊዜ ኳስ ይገባል ተብሎ የማይጠበቅበት ርቀት። በሴቶቹም እንዲሁ ነው፤ ፓውላ ክሪመር በ2010 የሴቶች ዩኤስ ኦፕንን እዚህ ስታሸንፍ ከፓር በታች የጨረሰች እርሷ ብቻ ነበረች። ከእርሷ በፊት በ1992 ፓቲ ሺሃን አሸንፋለች።

ኦክሞንት ሦስት ጊዜ ፒጂኤ ሻምፒዮናን፣ ስድስት ጊዜ የአሜሪካ አማተር ሻምፒዮናንም አስተናግዷል፤ የ1925ቱን አማተር ያሸነፈው ቦቢ ጆንስ ነው። ጆንስ በዚህ ጽሑፍ ሦስቱም ቦታ መገኘቱን ልብ በሉ።

ጉድለቱን አልሸሽግም። ኦክሞንት በየዓመቱ አይመጣም፤ በዩኤስ ኦፕኖቹ መካከል ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 13 ዓመት ያልፋል። ለጀማሪ ዓይን ውበቱ ቶሎ አይታይም። በ1960ዎቹ የተተከሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎች ተቆርጠው ሜዳው እንደ ጥንቱ ገላጣ ሆኗል፤ አበባ የለም፣ ባሕር የለም።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ

ፕረስትዊክ ኦፕን ሻምፒዮና የተወለደበት ነው። በጥቅምት 1860 ስምንት ተጫዋቾች 12 ጉድጓድ ያለውን ሜዳ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ ዊሊ ፓርክ በ174 አሸነፈ። 24 ጊዜ አስተናግዶ በ1925 ተሰናበተ፤ ያኔ የተሰበሰበው ሕዝብ ሜዳው ከሚችለው በላይ ነበር። ታሪኩ ውብ ነው፣ ግን ተዘግቷል።

ሙርፊልድ የአባላቱ ታሪክ ከውድድሩ ታሪክ ጋር የተጋጨበት ነው። ማኅበሩ ከ1744 የመጣ፣ በጽሑፍ የታወቁትን የመጀመሪያ 13 ደንቦች ያወጣ ነው። በ1892 ኦፕን ለመጀመሪያ ጊዜ 72 ጉድጓድ የሆነውም እዚያ ነው። በ2016 አባላቱ ሴቶችን ለመቀበል የሚያስፈልገውን ድምፅ ባለመስጠታቸው ከኦፕን አስተናጋጆች ዝርዝር ወጣ፤ በ2017 ድምፁ ተለወጠ፣ በ2022 የሴቶች ኦፕን እዚያ ተካሂዶ ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሊ ቡሃይ አሸነፈች።

ፔብል ቢች በካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ያለ፣ ከፍሎ ማንም የሚጫወትበት ሜዳ ነው። የ2000ው ዩኤስ ኦፕን፣ ታይገር ዉድስ በ15 ምት ልዩነት ያሸነፈበት፣ ብቻውን ሊነበብ ይገባዋል።

ምርጫው

የጎልፍን ሰዎች መውደድ የምትፈልጉ ከሆነ ኦገስታን ምረጡ። የ1935፣ የ1968፣ የ1986፣ የ1996፣ የ1997 እና የ2025 ውድድሮችን በዚህ ቅደም ተከተል ብትከታተሉ ጉድጓዶቹን በስም ታውቃላችሁ። የሊ ኤልደርን 1975 ግን አትዝለሉ፤ ከእርሱ በፊት ያለው አሸናፊ ሁሉ የተመዘነው ከማን ጋር እንደሆነ የሚነግራችሁ ይህ ዓመት ነው።

ጨዋታው ከየት መጣ፣ የማንስ ነው የሚለው ጥያቄ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ሴንት አንድሩስ ይቅደም፤ ፕረስትዊክንም እንደ መግቢያ አንብቡት። ኦፕን በ2027 ወደ አሮጌው ሜዳ ስለሚመለስ ያነበባችሁትን በዓይናችሁ ለማየት ጊዜው ቅርብ ነው። 17ኛው ጉድጓድ ላይ ዓይናችሁን አድርጉ፣ የአየር ትንበያውንም ተከታተሉ፤ ነፋስ ከሌለ 268 ሊሰበር ይችላል።

ተጫዋቾችን በዘመናት መካከል ማወዳደር የምትወዱ፣ ሆጋን ይበልጣል ወይስ ኒክላውስ እያላችሁ የምትከራከሩ ከሆነ ግን ከኦክሞንት ጀምሩ። ለረጅም ጊዜ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ኦገስታን ነበር የማስቀድመው። የ2025ቱን ውጤት አይቼ ከ1973 እና ከ1994 ጋር ጎን ለጎን ካስቀመጥኩት ወዲህ ምክሬን ቀይሬያለሁ። ቀጣዩ የሴቶች ዩኤስ ኦፕን ወደዚያ የሚመጣው በ2028፣ የወንዶቹ በ2034 ነው። እስከዚያ ድረስ አሥሩን ድምሮች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አጠገባቸው የየዘመኑን ዱላና ኳስ መዝግቡ፤ ለአሥራ አንደኛውም ቁጥር ቦታ ተዉለት።